የካሬ ደብተሩ መርከቦች

ልጅ እያለሁ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ሊቀመንበሩ ጓድ አስማረ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን ውበቱ፣ በዚያን ጊዜ አብዮት ጠባቂ፣ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ወንድሜ ይርጋ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ከግድግዳው ጋር ተለጥፏል። እናቴ ከእሱ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃለች፤ እንዳትጠጋው ተነግሯታል። ገበያ ውስጥ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ሰይድ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ተጠርተው መጥተው መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። እኔ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካሬ ደብተር ተቀምጧል። ደብተሩ የእኔ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ግን የይርጋ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጉና የሚወርደው ጉም ደጃፍ ላይ አይቆምም፣ ቤት ድረስ ይገባል። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል፤ ጋቢያችን ሁሉ የባሕር ዛፍ ጭስና የዝናብ ሽታ ነበረው። ይርጋ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር የሰጠውን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ሽፋን የለውም፣ ገጹም ግማሹ ተቀዷል። በውስጡ ግን አያቶቻችን ልጆች በነበሩበት ዘመን የተሠሩ የብረት የጦር መርከቦች ሥዕል ነበረበት። ሦስት አራት የጭስ ማውጫ፣ ከፊትም ከኋላም የተደረደረ መድፍ። እኛ ባሕር አይተን አናውቅም። ከውሃ የማውቀው ርብ ወንዝን ነበር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመኪና መስኮት በሩቁ ጣናን አይቻለሁ።

ይርጋ መዝገበ ቃላት ይዞ የሚችለውን ያህል አነበበልኝ። ከዚያ የራሳችንን ጨዋታ አወጣን። አንድ መርከብ ከሃያ ሺህ ቶን መብለጥ የለበትም። ይህንን ለመድፉ፣ ለብረት ልብሱ፣ ለሞተሩና ለከሰሉ ማካፈል የተጫዋቹ ፋንታ ነው። መድፍ ሲበዛ ብረቱ ይሳሳል፤ ብረቱ ሲወፍር መርከቡ ይዘገያል። ሥዕሉን በካሬ ወረቀት ላይ ሠርተን መሬት ላይ እናነጥፈዋለን። ከዚያ ከሦስት ክንድ ርቀት ባቄላ እንወረውራለን። ባቄላው ያረፈበት ካሬ ተመታ ማለት ነው፤ ብረቱ ወፍራም የሆነበት ካሬ ግን ሦስት ባቄላ ካልወደቀበት አይበሳም። ይርጋ በቀይ እስክሪብቶ ይሠራል፣ እኔ በሰማያዊ። የእሱ ሁልጊዜ ይሰጥም ነበር። ቶኑን ሁሉ መድፍ ላይ ይጨርሰዋል፣ ለብረቱ አይተርፈውም።

«ሠርግ ቤት የሚተኩስ ነው የምትመስለው» እለዋለሁ።

«አንቺስ የምትሠሪው ጎተራ ነው እንጂ መርከብ አይደለም» ይለኛል።

ትምህርት ቤት ሲከፈት እሱ ተወው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ነበር፣ ሌላ ጓደኛና ሌላ ወሬ ነበረው። እኔ አልተውኩትም። የክረምቱን ውጊያ ውጤት የጻፍንበትን፣ ያልጨረሰውን የሒሳብ ደብተሩን ሰጠኝና በዚያ ላይ አሥራ ሁለት መርከቦች ሠራሁ። ስማቸውን ያወጣሁት ከአያቴ ከብቶች ነው። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ እያልኩ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የመድፉን ብዛት፣ የብረቱን ውፍረት፣ የሚተኩስበትን ርቀት ጻፍኩ። ለማንም አላሳየሁም። ማንም አልጠየቀኝም።

በዚያው ዓመት ወረቀት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። የተጻፈ ነገር የተገኘበት ቤት ልጅ ይወሰድ ነበር። እናቴ አንድ ቀን የአጎቴን ደብዳቤዎች፣ የይርጋን መጻሕፍትና ያንን ሽፋን የሌለውን መጽሐፍ ጭምር ሰብስባ ምድጃው አጠገብ ከመረችና «ፊደል ያለበት ነገር እዚህ ቤት እንዳላይ። አንቺ አቃጥይው» ብላኝ ወጣች። አቃጠልኩት። ደብተሩን ግን አላቃጠልኩም። ጎታው ውስጥ፣ ከገብሱ ሥር ቀበርኩት። የዚያን ጊዜ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ፍተሻው ሲመጣ ውበቱ ዘንጉን ገብሱ ውስጥ ሰደደና ጠንካራ ነገር አገኘ። ገብስ ውስጥ የተደበቀ ደብተር፣ በደብተሩ ውስጥ የመድፍ ቁጥር። ሽፋኑን አይቶ ይርጋን «ያንተ ነው?» አለው። ይርጋ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተ። «የእኔ ነው» አለ። ወሰዱት። እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆሜ ነበር፤ አፌ አልተከፈተም።

ሁለት ቀን ቀበሌው ውስጥ ቆየ። በሁለተኛው ቀን ለእናቴ ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። «ጠዋት ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አለችኝ። ወደ ጎንደር የሚላኩ ልጆች በማግሥቱ ከምሳ በፊት በመኪና እንደሚወጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ልጅ እስከዚያ ቀን አላየንም።

ጓድ አስማረ ደብተሩን ገልጠው መጀመሪያ የጠየቁት ይርጋን ነበር።

«መርከብ ነው ትላለህ። ደብረ ታቦር ላይ መርከብ ምን ያደርጋል?»

ውበቱ ከበሩ «መድፉ ጋፋት ላይ ተሠርቶ የለ ጓድ ሊቀመንበር፤ መርከብ ቢሠሩ ምን ይገርማል» አለ።

«አንተ በርህን ጠብቅ።»

እኔ «ደብተሩ የእኔ ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ፤ ደግሜ አልኩት።

«ወንድምሽን ለማስጣል ነው።»

«አይደለም ጓድ ሊቀመንበር። የሣልኩት እኔ ነኝ።»

«ይሄን ሁሉ ሴት ልጅ ናት የሣለችው?» ገጽ ገለጡ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ከይርጋ ጋር የተዋጋንባቸው ውጤቶች ተጽፈው ነበር። «እሺ ይሄን ንገሪኝ። ቀዩ ወገን እዚህ ሰጠመ። እዚህም ሰጠመ። ስድስት ጊዜ ሰጥሟል። ለምንድን ነው ቀዩ የሚሰጥመው?»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቀይ የአብዮቱ ቀለም ነውና ጥያቄው ምን እንደሆነ እኔም ገብቶኝ ነበር። ነገር ግን ከእውነቱ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

«ቀዩ የእሱ ነው» አልኩ ወደ ይርጋ እያሳየሁ። «መድፍ ያበዛል። ብረት አይገዛም። ብረት ግዛ ብለው አይሰማኝም።»

ጓድ አስማረ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ገፉት። ጋሽ ሰይድ ልብስ ሰፊ ከመሆናቸው በፊት ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ሆነው አሥር ዓመት ኖረዋል። መርከብ ላይ ውሎ ያደረ ሰው ከእሳቸው በቀር በከተማው አይታወቅም ነበር።

«ይዩልኝና ይንገሩኝ። ይሄ አሁን ያለ መርከብ ነው? የመንግሥት ምስጢር ነው?»

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በዝግታ ይገልጡ ጀመር። «አላውቅም» ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ቢመለሱ የሚቀየማቸው አልነበረም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ከሰል ማስቀመጫ።»

«ስንት ጫንሽ?»

«አራት ሺህ ጆንያ።»

«የምን ከሰል?»

«የግራር። የባሕር ዛፉ ቶሎ ያልቃል።»

ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና የሚያለቅሱ መሰለኝ። ሲመለሱ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ደንጊያ ከሰል ነበር እኮ የሚያነዱት። ከመሬት የሚቆፈር። የሞተሩን ሆድ በቡና ከሰል ልትሞዪው? ይሁን። ይሄስ፣ ከጭስ ማውጫው ኋላ ያለው ቤት?»

«የበቅሎ ጋጥ ነው።»

ጋሽ ሰይድ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ።

«መርከብ ላይ በቅሎ?»

«ካፒቴኑ ወደብ ሲደርስ በእግሩ ሊገባ ነው?» አልኩ። መቀለዴ አልነበረም። በእኛ አገር ማዕረግ ያለው ሰው በእግሩ ከተማ ሲገባ አላየሁም። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ በቅሎ አልነበረም፤ ውስጥ ስለሆነች የማትታይ መስሎኝ ነበር።

ጓድ አስማረ አንገታቸውን አስግገው ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ስንት በቅሎ ነው?»

«ሦስት። አንዷ የጭነት ናት።»

«ገለባውስ የት ነው?»

«እዚህ ታች። ከባሩዱ ራቅ አድርጌዋለሁ።»

«ታች? ውሃ ላይ ያለ ነገር ታች ገለባ ይቀመጥበታል? ይሻግታል። ቆጥ ሠርተሽ ላይ ማድረግ ነው እንጂ።» ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው ቦታውን ያሳዩኝ ጀመር። ያንን ሲሉ ሊቀመንበርነታቸው ጠፍቶ ነበር። በእብናት በኩል ያደጉ የገበሬ ልጅ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸው ግን እኛ ፊት አንስተውት አያውቁም ነበር። ውበቱ በሩ ላይ ሳቁን ሊውጠው ሲል አስነጠሰው።

ጋሽ ሰይድ ጊዜ አላጠፉም።

«ወላሂ ጓድ ሊቀመንበር፣ እንዲህ ያለ መርከብ በዓለም ላይ የለም። መልካቸው የድሮዎቹ ነው። እኔ ምጽዋ ስደርስ እነሱ ተቆራርጠው ብረታቸው ለሌላ ነገር ውሎ ነበር። ይሄ ዳልቻ ብላ የጻፈችው ደግሞ ከወደብ ሳይወጣ ነው የሚገለበጠው። መድፉን ሁሉ አናቱ ላይ ሰቅላዋለች።»

«አይገለበጥም!» አልኩ።

«ኧረ አንቺ ልጅ!» አለች እናቴ። እዚያ ከገባን የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር። ይርጋም ወደ መሬት አቀርቅሮ ፈገግ ሲል አየሁት። ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው። የወንድሜ ነፍስ እየዳነች እኔ ስለ ወረቀት መርከብ እከራከራለሁ።

ጋሽ ሰይድ ግን እንደ ትልቅ ሰው መለሱልኝ። «እንስራ ወገብሽ ላይ ስታዝዪውና ራስሽ ላይ ስትሸከሚው አንድ ነው? ነፋስ ቢገፋሽ በየትኛው ትወድቂያለሽ?» ገባኝ። ዳልቻ ትገለበጥ ነበር።

«ወላሂ የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም» አሉ ጓድ አስማረ፣ ድምፃቸውን ወደ ቀድሞው ለመመለስ እየሞከሩ። «የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ይፈርማሉ?»

«እፈርማለሁ።»

«ነገ ሌላ ነገር ቢሆን በእርስዎ ነው።»

«ይሁን» አሉና ፈረሙ። ያን ፊርማ ለእኛ ብለው ምን ያህል አስበው እንደፈረሙት ያወቅሁት ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ እሳቸው አንድም ቀን አላነሱብንም።

ጓድ አስማረ እናቴን ሳያዩ «ውሰጂው» አሏት። እናቴ እልል አላለችም፣ አላለቀሰችም። ሦስቱን እርምጃ ሄዳ ነጠላዋን አውልቃ ይርጋ ትከሻ ላይ ጣለችና ክንዱን ይዛ ወጣች። ጋሽ ሰይድ ተከተሏቸው። እኔ ጠረጴዛው ፊት ቀረሁ። ከደጅ የይርጋ ሳል ተሰማኝ። የዚያን ሳል ያህል ደስ ያለኝ ድምፅ ብዙ የለም።

ይርጋ ዛሬ ከእኔ ይልቅ ሸብቷል፤ ሲያመው ይነጫነጫል፣ ይመስገነው። የልጄ ልጅ እዚሁ ደብረ ታቦር በኮምፒዩተር የዚያኑ ዘመን መርከቦች እየነደፈ ይጫወታል። መድፍ ሲያበዛ መርከቡ ይገለበጣል ብሎ ማሽኑ ራሱ ያስጠነቅቀዋል። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ «መድፉን ዝቅ አድርገው» ብለው ዞሮ አየኝና «እማማ ደግሞ ከየት ታውቂዋለሽ?» አለኝ። ትምህርት ቤት ነው አልኩት። ቤታችን ውስጥ ጎታ የለም፤ እሱም የሚደብቀው ነገር የለውም። በሩን ከፍቶ፣ ድምፁን ለቆ ይጫወታል። እኔ ያንን እየሰማሁ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ጫጫታው አይሰለቸኝም።

በዚያ ጠዋት ሌሎቹ ከወጡ በኋላ እኔ ትንሽ ቆየሁ። ደብተሩን ይመልሱልኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ጓድ አስማረ «ይሄ እዚህ ይቀራል» አሉ። እሺ አልኩ። ሌላ ነገር ይሉኝ እንደሆነ ጠበቅሁ። ቀና አላሉም። ቀጣዩን ገጽ ገልጠው፣ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው ሥዕሉን ያዩ ነበር። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።