ለመስቀል የተማሰ ሥር

መስከረም ፲፭፣ ዳባት፣ ጎሕ ሲቀድ

ጭጋጉ ገና ከመንገዱ አልተነሣም። እኔና ባለቤቴ ሳህሌ የቅቤውን ቅል በመካከላችን አድርገን፣ በጭነት ማኪናው ላይ ከገብስ ጆንያ ጋር ተጫንን። ሳህሌ ዳባት ላይ ሸቀጥ ይነግዳል። ካገባኝ ዓመት አልሞላም፤ ከጉራጌ አገር ወጥቼ የማከብረው የመጀመሪያው መስቀል ይህ ነው።

በኛ አገር ለመስቀል ወደ ቤቱ የማይገባ ሰው የለም። መግባት ያልቻልነው ደግሞ ጎንደር፣ አዶት ዘነበች ቤት እንሰበሰባለን። «አዶት» በኛ አፍ እናት ማለት ነው። ባላቸው ወታደር ነበሩ፤ ጣልያን ከወጣ በኋላ ጎንደር አምጥተዋቸው፣ ባላቸው ሲሞቱ አዶት እዚያው ቀሩ።

አምና አዶት ክትፎውን በጤፍ እንጀራ አንድ ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ታጠቡ አሉ። «እንሰት የሌለበት መስቀል ሥጋ መብላት ነው። ለሥጋማ ሥጋ ቤት አለላችሁ፤» ብለው። ዘንድሮ በስንት ልመና፣ «የመጨረሻ ይሁን፤» ብለው ተቀበሉን።

«ከዚያ በኋላስ የት እንሄዳለን?» አልሁት ሳህሌን።

«እየቤታችን ዶሮ እናርዳለና።»

ሁለት ሰው ለብቻው የሚያከብረው መስቀል ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ከአምባ ጊዮርጊስ ቁልቁል፣ ረፋድ

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሴቶች እሸት ባቄላ ታቅፈው ማኪናውን ይከባሉ፤ ጉንጫቸው በብርድ ቀልቷል። ሾፌራችን አያ መንገሻ በጋቢ ተጀቡነው አንድ ጣሳ ጠላ ጠጡና ቁልቁለቱን ያዝን። ከተማውን ርቀን ብዙ ከወረድን በኋላ ማኪናው ይጨስ ጀመር። አያ መንገሻ ከመንገድ ዳር ካለ ቤት ውሃ ሊለምኑ አቆሙ።

ከቤቱ ጓሮ ሦስት ኮባ ቆሟል። ቅጠሉ ሰፊ፣ መሐል ጅማቱ ቀላ ያለ።

«ሳህሌ፣ እንሰት!»

«ኮባ ነው እንጂ። ዳቦ ይጋግሩበታል። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ።»

«አንተ እንሰት ፍቀህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። በኛ አገር መፋቁም መቀቀሉም የሴት ሥራ ነው። ጎንደር ያሉት ያገራችን ወንዶች ሁሉ እንደሱ እያዩ ያልፋሉ፤ አዶት ደግሞ ዓይናቸው ደክሞ ከደጅ አይወጡም።

«የቤቱን ሰዎች ጠይቃቸው፤» አልሁት። «የሴት ሥራ አይደል? አንቺው ጠይቂ፤» ብሎ ሳቀብኝ።

የቤቱ ባለቤት እሜቴ ጥሩ ውሃውን ይዘው ብቅ አሉ። እኔ ለማላውቀው ሰው ስናገር ድምፄ ይጠፋል። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ «ኮባውን...» አልሁ።

«ቅጠል ነው? ቁረጭ ልጄ፣ ለበዓል አይነፈግም።»

«ሥሩን ነው።»

እንስራቸውን አስቀመጡ። «ምነው? ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ነሽ? አያ መንገሻ፣ ማንን ነው የጫንህብኝ?»

«ባሏን ልታስርበት ይሆናላ!» አሉ አያ መንገሻ። «አንተ፣ ዛሬውኑ አምልጥ!»

ጆንያው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወደ ማኪናው ልመለስ ዞርሁ። አዶት እጃቸውን ሲታጠቡ ታየኝ። ተመለስሁ።

«እንበላዋለን፣ እሜቴ። እናንተ ዳቦ በቅጠሉ ትጠቀልላላችሁ፤ ለኛ ዳቦው ሥሩ ነው።»

እሜቴ ጥሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንግዲያ በመልስሽ አምጥተሽ ፊቴ ትበያለሽ።»

ሳህሌና አያ መንገሻ ዶማ ተቀብለው አንዱን ኮባ ማሱት።

መስከረም ፲፮፣ ጎንደር

አዶት ሥሩን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት። ቢላዋ አስመጥተው ለሁለት ገመሱትና አንዱን ወደ ጥግ አደረጉት። «የነቀለ ይተክላል፤» አሉኝ። ሌላውን ቀቀልሁት፤ አሚቾ የምንለው ይህ ነው። ከእንሰት የሚጋገረው ቆጮማ ተፍቆ ወራት መሬት ውስጥ መክረም አለበት።

የአገር ልጆች ተሰበሰቡ። ክትፎው በጎመን፣ በቅቤ ቀረበ። አዶት አሚቾውን ቆርሰው እስኪያኝኩ ድረስ የጎረሰ የለም።

«ይመራል፤» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ።

«መንገዱ ነው ያመረረው። አገሩን ለቆ ያልመረረ ማን አለ?» ደግመው ቆረሱ።

ልብስ ሰፊው ወልዴ ጮኸ፦ «ጎንደሬዎች ይህን ሁሉ ዘመን ዳቦ ሲጠቀልሉበት፣ እኛ በእንሰት አጠገብ ጦማችንን አደርን!»

አዶት እየሳቁ መረቁን። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞረው፣ «ለከርሞ አንድ ቀን ቀድመሽ ነይ። ብቻዬን አልችለውም፤» አሉ።

መስከረም ፲፰፣ መልስ

አያ መንገሻ እዚያው ቤት አቆሙልኝ። የቀዘቀዘውን አሚቾ በእሜቴ ጥሩ ፊት በላሁ። ሲያዩኝ ቆይተው አማተቡና ቀመሱ።

«ድንች ይመስላል። ሸጋ ነው፤ ቅቤ ይወዳል።»

ከዚያ ግማሹን ሥር ከነጠላዬ ፈታሁ፤ ዙሪያውን እንዲያቆጠቁጥ ልቡን አዶት ፍቀው አውጥተውታል። ጓሮው ውስጥ ቆፍሬ ፍግ አለበስሁት።

«በቀደም ሥር ማሰች፣ ዛሬ ሥር ቀበረች! ጎረቤት ቢያይሽ ምን ይለኛል?»

«ከአንዱ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፣ እሜቴ። ግን ወራቱ አይደለም፤ እናቴ የምትተክለው በበጋ ነው። ላይበቅል ይችላል።»

«ከበቀለስ?»

«ለከርሞ አልፍበታለሁ።»

አያ መንገሻ ጥሩንባ ነፉ። ማኪናው ዳገቱን ሲጀምር ዞሬ አየሁ። እሜቴ ጥሩ ዶሮ እንዳይጭረው ከቀበርሁት ላይ እሾህ ይከምራሉ።