አስካለን የዳርኳት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናዝዤው አላውቅም። ፈርቼ አይደለም፤ እሳቸው ያውቁታል። በዚህ ነገር ወደ ቤቴ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። አብሮ የበደለ ሰው እንዴት አድርጎ ያናዝዛል? ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለዛሬ አንተ ንስሐ አባቴ ሁንልኝ፤ አንቺም እንዲሁ። መስቀል ባትይዙ ግድ የለም። እኔም እንደ ደንቡ አልንበረከክም፤ ጉልበቴ አንዴ ከተንበረከከ የሚያነሳው ሰው ይፈልጋል።

እኔ አርብ ገበያ የምኖር ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ። ለወጣቶች ሦስት ተከታታይ መጻሕፍት ጽፌያለሁ። ሁለቱ ስሜን ከቁመቴ በላይ አስረዘሙት፤ ሦስተኛው መልሶ ልኬን ሰጠኝ።

ላላነበበ ልንገር። አስካለ የምትባል ልጅ ከወገዳ ወዲያ ካለ መንደር ትነሳለች። ሊድሯት ነው፤ እሷ ደግሞ መማር ትፈልጋለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ ከቤት ወጣች። በሁለተኛው መጨረሻ፣ በክረምት፣ የሞላ ወንዝ ዳር ደረሰች። ከኋላዋ አጎቶቿ፣ ከፊቷ ውሃ፣ ከውሃው ማዶ ትምህርት ቤት። እዚያ ላይ አቆምኳት። ሆን ብዬ ነው፤ ሰው ሲጓጓ ማየት ደስ የሚለኝ ክፉ ሽማግሌ ነኝ። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሳይቀር ልጁ አንብቦለት፣ ዓርብ ገብስ የጫነች አህያውን መንገድ ላይ አቁሞ “መምህር፣ ልጅቱ ተሻገረች ወይስ?” ይለኝ ነበር። እኔም ጢሜን እየደባበስኩ “እንግዲህ ሲወጣ ታየዋለህ” እላለሁ። ጢም እንኳ በቅጡ የለኝም።

መሻገሯን ግን ጨርሼ ነበር። የበሬ ጭራ ይዛ ነው የምትሻገረው። በሬው ይዋኛል፣ ሰው ጭራውን ይዞ ይከተላል፤ ወንዝ ሲሞላ የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚሻገረው። ይህን ያወቀች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እናኑ።

እናኑ የጎረቤቴና የወዳጄ የካሳው ልጅ ናት። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ዓይኔ ሲደክም የጻፍኩትን ጮክ ብላ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ያላማራት ቦታ ስትደርስ ምንም አትናገርም፤ ድምጿን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች። እኔም ዝቅ ያለችበትን ሁሉ እሰርዝ ነበር። ሁለቱን መጻሕፍት ያሳመራቸው የእኔ ብዕር ነው የምትሉ ካላችሁ፣ የእናኑ ጉሮሮ ነው። አንድ ቀን “የኔታ፣ ትሻገራለች አይደል?” አለችኝ። “ትሻገራለች” አልኳት። ማንም ሳያስገድደኝ ቃል ሰጠሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፌ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ዘንጋቸውን ተመርኩዘዋል። ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ። ይህ እንግዲህ የሚታወቅ ነው፤ እንዲህ የሚባለው ልጅ ሲጠየቅ ነው። እኔም በዓይኔ ቤቱን ቆጠርኩ። ያሉኝ ወንዶች ልጆች ናቸው፣ እነሱም ወልደው ሄደዋል። በቤቱ ውስጥ ከባለቤቴና ከአንዲት እንቁላል ከምትታቀፍ ዶሮ በቀር ሴት አልነበረም።

“የመጣነው ስለ ልጅዎ ስለ አስካለ ነው” አሉ ንስሐ አባቴ።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ካሳው እናኑን ለአንድ ባለጠጋ ልጅ ሊሰጥ ቃል ገብቷል። እናኑ ደግሞ “የአስካለን መጨረሻ ሳላይ እሺ አልልም” ብላለች። ታዲያ መምህር አስካለን ወደ ቤቷ ይመልሱልን፣ በወግ በማዕረግ ይዳሩልን፣ የእኛይቱም አይታ ታግባ። ለወረቀት ልጅ ሽማግሌ ተላከብኝ።

መሳቅ ነበረብኝ። ወይም መቆጣት። እኔ ምን አደረግሁ? ተኩራራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለልጆቼ ሽማግሌ እየላክሁ ኖሬ፣ ደጄን ግን ሽማግሌ ረግጦት አያውቅም ነበር። የሴት ልጅ አባት መሆን እንዴት ደስ ይላል! ጭራሽ እንደ ወጉ ተግደረደርኩ፤ “ዘመድ ላማክር” ብዬ ቀጠሮ ሰጠሁ። የማንን ዘመድ ነው የማማክረው? የቀለሙን? በቀጠሯቸው ሲመለሱ “ሰጥቻለሁ” አልኩ። ተቀመጡ። ጠላ ተቀዳ፣ ተመረቅሁ። ስመረቅ ደግሞ “አሜን” እል የነበረው ከሁሉ አስበልጬ ነው።

አላወቅሁም ነበር እንዳልል አውቄ ነበር። የማትኖረውን ልጅ ስሰጥ የምትኖረውን እንደሰጠሁ አውቅ ነበር። ካሳው ወዳጄ ነው፣ ሽማግሌ ቆሞ አይመለስም፣ እያልኩ ራሴን አባበልኩ እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። እኔ ለጭብጨባ ልጅ የሸጥኩ ሰው ነኝ።

ሦስተኛውን መጽሐፍ ማንም ሳያነብልኝ ብቻዬን ጻፍኩት። የእናኑን ድምፅ ፈራሁ። አስካለ ከወንዙ ዳር ተመለሰች፣ አጎቶቿን ይቅርታ ጠየቀች፣ ተዳረች። ስለ ድግሱ ብቻ ብዙ ገጽ ጻፍኩ፤ ሙሽራዋ ከምትናገረው ይልቅ የወጡ ዓይነት ይበዛል። መጽሐፉ ወጣ፣ አንባቢም አዘነብኝ። ቀላል ኀዘን አይደለም። አንዱ ተማሪ በስልኩ “ሁለቱን እኔ ጨረስኳቸው፣ ሦስተኛው ግን እኔን ጨረሰኝ” ብሎ ለጠፈ። ሌላዋ “የኔታ ታመው ነው?” ብላ ኮሜንት ሰጠች። ከመካነ ኢየሱስ የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ይዞኝ “ወንዙን እርስዎ ፈርተው ነው እሷን የመለሷት?” አለኝ። እኔ ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ፤ “ይህ ሥነ ጽሑፍ ነው፣ ሕይወት እንዲህ ናት፣ ገና ልጆች ናችሁ።” ይህን ስል ዓይኔን እጨፍን ነበር። ጥልቅ ሐሳብ የገባኝ ይመስላል። ዓይናቸውን እንዳላይ ነበር።

የእናኑ ሠርግ ቀን ተቆረጠ። ካሳው ድግሱን ሊያማክረኝ ጠርቶኝ፣ መደቡ ላይ በክብር ተቀምጬ ጠላ ይዣለሁ። በሩ ላይ ድምፅ ሰማን። የእናኑ የክፍል ጓደኞች ናቸው፤ ሴቶች ልጆች፣ ደብተራቸውን እንደያዙ። ካሳው ሳቅ ብሎ “ግቡ፣ ተቀመጡ” አላቸው።

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አለች ከፊት የቆመችው፣ ዘነቡ የምትባል ትንሽዬ ልጅ። “የመጣነው ስለ እናኑ ነው።”

የካሳው ሳቅ ጠፋ። “ማን ነው የላካችሁ?”

“አስካለ ናት። የሁለተኛው መጽሐፏ። የሦስተኛዋን አናውቃትም።”

ካሳው ወደ እኔ ዞረ። “በል እንጂ መምህር፣ ልጅቱ አግብታለች በላቸው። መጽሐፉ ያንተ አይደለም ወይ?”

እዚህ ላይ ነው የእኔ ኃጢአት ያለው። ከሽማግሌዎቹ ፊት የሠራሁት ሞኝነት ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። እዚህ ግን ሁለት ጊዜ አሰብኩ። እነዚያ ልጆች ዓይን ዓይኔን እያዩኝ፣ አንድ ቃል ብናገር የሚበቃ መሆኑን እያወቅሁ፣ እኔ “የተጻፈው ተጽፏል” አልኩ። አልኩና ጠላዬን ጠጣሁ።

ከጓዳ የእናኑ ድምፅ መጣ። ዝቅ አላለም። “እርስዎ ዳሯት እንጂ እሷ አላገባችም፣ የኔታ።”

ከዚያ እናቷ ከጓዳ ወጣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከልጆቹ ጎን ቆመች። ካሳው ሚስቱን አየ፣ ልጆቹን አየ። ሽማግሌ ቆሞ አይመለስም የሚለውን ወግ ከእኔ የበለጠ የሚያከብር ሰው ነው፤ ሲልክም ሲላክበትም። “ተቀመጡ” አላቸው። “ትማር።” ከዚያም ቃሉን ሊመልስ ዘንጉን አንሥቶ ወጣ። በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ሲቆም ተቀምጦ የቀረ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናንተ ያዘናችሁብኝ አንባቢዎች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጽሐፌን ወዳችሁልኝ ብትቀመጡ ኖሮ ለእናኑ ማን ይቆምላት ነበር? ያመሰገኑኝ ሰዎች መረቁኝና ሄዱ። የተቆጡት ናቸው እኔ አሳልፌ ከሰጠኋት እጅ ልጅቱን የመለሱልኝ። በሬ ሆናችሁ፣ ጭራችሁን ይዛ ተሻገረች።

እናኑ ዛሬ መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት። ባለፈው መስቀል መጥታ ነበር። ሦስተኛው መጽሐፍ እንደገና ሊታተም ነውና መጨረሻውን ላስተካክል፣ ላሻግራት፣ ይቅርም በይኝ አልኳት። ይህን የሚያህል ሽማግሌ እያለቀሰ ነው ያላት፤ ደግነቱ እንባው ከስኳር በሽታዎ ነው ብላ የዓይን ጠብታ አዘዘችልኝ።

“አይንኩት” አለችኝ። “እንዳለ ይውጣ። የሚያነቡት ልጆች ይናደዱ። ሲናደዱ ግን መልስ አይስጧቸው።”

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም። እኔም አልደገምኩም። ቀኖና ሰጠችኝ እንጂ፣ ያውም ከንስሐ አባቴ የተሻለ።

ይኸው ዓርብ ዓርብ ገበያ እወጣለሁ። አዲሶቹ አንባቢዎች ያገኙኛል። አስካለን ምን ነካት፣ እንዴት አስቻለዎት፣ እርስዎም ሴት ልጅ የለዎትም እንዴ፣ ይሉኛል። ዘንጌን ይዤ እሰማለሁ። ሽበቴን አይተው አዝነው “ይቀመጡ እንጂ አባባ” ሲሉኝ፣ ጉዳያችሁ ሳይሰማ አልቀመጥም እላቸዋለሁ።