ሙቀቱ ነው ያሳበጠሽ

ሸዋ ሮቢት ስመደብ ሰው ሁሉ ያስፈራራኝ በሙቀቱ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ በበጋም ሹራብ አይወልቅም። ከዚያ እስከ ቆላው አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው፤ ግን ስወርድ ሌላ አገር የገባሁ ነው የመሰለኝ። ጥቂት እንደቆየሁ እዚያ ለሁሉም ነገር ጥፋተኛው አንድ መሆኑ ገባኝ። ወተት ቢበላሽ ሙቀቱ ነው። የቢሮው ኮምፒውተር ቢቆም ሙቀቱ ነው። ባልና ሚስት ቢጣሉ ጎረቤት መጥቶ «ተዉ እባካችሁ፣ ሙቀቱ ነው» ብሎ ያስታርቃል። እኔም ቶሎ ለመድኩት፤ ቢሮ ዘግይቼ ስገባ ራሱ ሙቀቱን ነበር የምከስሰው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ስይዝ፣ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ሲል ማንም አልደነገጠም። ቀለበቴ አልወጣ አለ፤ በሳሙና አወጣሁት። ጠዋት ስነሳ ፊቴ ተነፍቶ ዓይኔ ይጠባል። አከራዬ፣ ገበያ ላይ ማሾ የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያው የኖሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝና ሳቁ።

«ወላሂ ይሄ የኛ አገር ሙቀት ነው፤ ደገኛ አይችለውም። ስንቷን አስተማሪ አይቻለሁ፣ እንዲህ ተነፋፍታ ከርማ ስትወልድ ሙሽሽ የምትል!»

እናቴም በስልክ የምትለው ያንኑ ነበር። «ሙቀቱ ነው ያሳበጠሽ። ነይ ውጪ፤ ደጋው አንድ ሳምንት ውስጥ ያሟሽሽሻል።»

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የምተኛበት አልጋ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቅዳሜ ልሄድ ወስኛለሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሰሞን የጅቡቲ መስመር ላይ ስለነበር ስልኩ አንዴ ይሠራል፣ አምስት ጊዜ አይሠራም። እኔ ደግሞ ድሮም ፈሪ ነኝ። መርፌ እፈራለሁ፣ ሆስፒታል እፈራለሁ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያስጮህ መኪና እፈራለሁ። መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም፤ ዛሬ ክፍት ነው ሲሉት ነገ ይዘጋል። «ሳይዘጋብሽ ቶሎ ነይ» ትለኛለች እናቴ። ቅዳሜ አልደርስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ወባቸው ተነሥቶባቸው ጤና ጣቢያ ሊሄዱ ሲሉ «ነይ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ያንን የደም ክኒንሽን ለመንገድ ትይዣለሽ» አሉኝ። ክኒኑ እውነትም አልቆብኝ ነበር። ቢሮም መግባት አላሰኘኝም፤ ከትናንት ጀምሮ ራሴን እየወጋኝ ነበር። በባጃጅ ሄድን።

የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ዓርብ ዓርብ ገበያ ነው። ከኒሙ ዛፍ ሥር ሕፃን ያቀፉ እናቶች ክትባት ይጠብቃሉ። በወዲያ በኩል ትኩሳት ያለበት ሁሉ ለወባ ምርመራ ጣቱን ሊወጋ ተሰልፏል። ከጓሮ ያለችው ቤት ከሩቅ ገጠር የመጡ እርጉዞች ምጣቸው እስኪመጣ የሚቆዩባት ናት፤ ደጃፏ ላይ የታጠበ ሻሽና ሽርጥ ተሰጥቷል። እትዬ ወደ ወባው ሰልፍ ሄዱ፤ እኔ የእርግዝና ክትትል ክፍል ገባሁ።

አዋላጁ ወጣት ወንድ ነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ድካም ፊቱ ላይ የሚነበብ። መጀመሪያ ቀን ወንድ መሆኑን አይቼ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። «ክኒን ብቻ ነው የምፈልገው» አልኩት።

«ክኒኑን እሰጥሻለሁ። እስቲ ክንድሽን።»

የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋው። አየር ለቀቀ። ዝም አለ። እንደገና ነፋው። ከዚያ ተነሥቶ በሌላኛው ክንዴ ለካ። ሐኪም ዝም ሲል እንደሚያስፈራኝ የሚያስፈራኝ ነገር የለም።

«ስንት ነው?»

«በግራ ጎንሽ ተኚልኝ፤ ትንሽ ቆይተን እንደግመዋለን።»

እስከዚያ ሽንት ስጪ አለኝ፤ ሰጠሁ። ተመልሼ በግራ ጎኔ ተኛሁ። ሦስተኛ ጊዜ ለካኝና ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበ።

«ራስ ምታት አለሽ?»

«ያው ሙቀቱ ነው።»

«ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገርስ?»

«ከፀሐይ ስገባ አንዳንዴ።»

«እዚህ ጋ፣ ከጎድንሽ ሥር?»

«ትናንት ሽሮው አልተስማማኝም።»

«ለሁሉም መልስ አለሽ» አለ፤ አልሳቀም። «ስሚኝ። ደም ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል። ሽንትሽ ውስጥም መኖር የሌለበት ፕሮቲን አለ። እብጠቱ የሙቀት አይደለም፤ እርግዝናው ያመጣው በሽታ ነው። ዝም ከተባለ ያንቀጠቅጥሻል፣ ራስሽን ያስትሻል። አንቺንም ልጁንም ሊያሳጣ ይችላል። አሁን መርፌ እንሰጥሽና በአምቡላንስ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። ምናልባት ዛሬውኑ ያዋልዱሽ ይሆናል።»

«እኔኮ ነገ እናቴ ጋ ነው የምሄደው።»

«ነገ የትም አትሄጂም።»

ተቆጣሁ። ስፈራ እቆጣለሁ፤ የቤታችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማን ነህና ነው የምታዝዘኝ፣ ክኒን ልወስድ መጥቼ ልታዋልደኝ ነው ወይ፣ ገና ወሬ አልሞላም አልኩት። እሱ መርፌውን ሊያዘጋጅ ወደ ጓዳው ገባ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ አንገት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ስሰማ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ለእናቴ ደወልኩ። አዋላጁ ያለኝን ነገርኳት።

«ግፊት? በኛ ዘር ግፊት የለም!» አለች። «ሆድሽን ሊቀድዱ ነው የሚፈልጉት። ልጄ፣ ሙቀቱ ነው አልኩሽ። ነገም አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ተነሺና ነይ። እኔ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ።»

ይኼን ነበር መስማት የምፈልገው። እትዬ የተወጋ ጣታቸውን በጥጥ ይዘው ከሰልፉ ብቅ ሲሉ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም «ሂጂ፣ ሂጂ፣ የእናት ቤትን የመሰለ የለም፤ ሻንጣሽን እኔ እልክልሻለሁ» አሉኝ። እየደገፉኝ ወደ በሩ ሄድን። አንድ ባጃጅ ቆሞ ነበር።

«የት ልውሰድሽ እህት?» አለኝ የባጃጁ ልጅ።

መናኸሪያ ልለው ቀና አልኩና ግማሽ ፊቱ የለም። እውነቴን ነው፣ አንድ ዓይኑና ግማሽ አፉ ይታየኛል፤ በሌላው በኩል የሚንተገተግ ብርሃን ብቻ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። አሁንም የለም። ወደ እትዬ ዞርኩ፤ የእሳቸውም ፊት ግማሹ ጠፍቷል።

«እትዬ፣ ፊትዎ የት ሄደ?» አልኳቸው።

«አዑዙ ቢላህ! ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

ደፋር ሴት ብሆን ኖሮ ባጃጁ ውስጥ እገባ ነበር። መንገድ ላይ ይለቀኛል እል ነበር። እኔ ግን ፈሪ ነኝ፤ በግማሽ ዓይን ያንን ዳገት መውጣት ከመርፌው በለጠብኝ። ባጃጁን ትቼ «መልሱኝ፣ መልሱኝ» እያልኩ የእትዬን ክንድ ይዤ ተመለስኩ። እሳቸው ከኔ በላይ እየጮሁ ነበር፤ ነጭ የለበሰ ሁሉ ለእሳቸው ዶክተር ነውና «ዶክተር! ኧረ ዶክተር!» ሲሉ የወባው ሰልፍ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

አዋላጁ ሮጦ መጣ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርፌው በሁለቱም ታፋዬ ነው የሚገባው፤ «ያቃጥላል፣ ቻዪው» አለኝ፤ እሳት ነው። ጮህኩ። ከጓሮው ቤት ያሉት እርጉዞች በመስኮት ሰምተውኝ ኖሮ አንዷ «ማርያም ትቅረብሽ እህቴ» ስትል፣ ሌላዋ «ያ አላህ፣ ያ ረቢ አንተ አውጣት» ስትል ይሰማኛል። ሁለቱም ለእኔ ነበር።

ከዚያ የመጣው ነገር ይብሳል፤ መጠበቅ። አምቡላንሱ በጀውሃ ከተማ በኩል ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወጥቷል፤ «እየተመለሰ ነው» ይላሉ። መጋረጃውን ዘጉት፤ ብርሃንና ጫጫታ ለእኔ ጥሩ አይደለም ተባለ። በዚያ ጨለምለም ባለ ክፍል አዋላጁ አጠገቤ ተቀምጦ ትንፋሼን ያዳምጣል፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረገ እግሬ መወራጨቱን ያያል። እኔ የሱን ፊት ነበር የማየው። ቅንድቡ ትንሽ ከተነሣ ሞቴ መጣ እላለሁ። ሞትን ፈራሁ፤ ማሳመር አያስፈልገውም፣ ፈራሁ። ባለቤቴ በረሃ ላይ መኪና እየነዳ፣ የምን ስልክ እንደሚደወልለት አሰብኩ። እናቴ መናኸሪያ ቆማ፣ ከሚኒባሱ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ስታይ ታየችኝ።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጠዋት ሲራገጥ የነበረው ልጅ ዝም ብሏል።

«አይንቀሳቀስም» አልኩት።

ቀንድ የምትመስለዋን ማዳመጫ ሆዴ ላይ አድርጎ ጆሮውን ደፋ። ቦታ ለወጠ። እንደገና ደፋ። እትዬ ጥግ ላይ ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ መተንፈሴ ድምፁን የሚሸፍንበት መስሎኝ።

«አለ» አለ።

ያቺን አንዲት ቃል የነገረኝን ያህል ማንም ምንም ነግሮኝ አያውቅም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱም አታልቅሺ፣ ግፊትሽ ይጨምራል አለኝ። ማልቀስም ተከለከልኩ።

አምቡላንሱ መጣ። ሆስፒታሉ ሲያዋልደኝ በቀዶ ሕክምና ነበር፤ እሱን ብዙ አላውቀውም። የማውቀው ስነቃ ሴት ልጅ መውለዴን፣ ትንሽ መሆኗን፣ ግን መጮኋን ነው። ማሞቂያ ውስጥ አስተኝተዋት ነበር። እትዬ አይተዋት ሲመለሱ ወባቸውን ረስተው ይስቃሉ። «ወላሂ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ሌላ ማሞቂያ! ይቺ ልጅ ከኛ በላይ ቆለኛ ልትሆን ነው፤ አልሃምዱሊላህ» አሉ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አልኩ።

ፍርሃቱ ግን አላለቀም። ነርሷ ግፊቱ ከወሊድ በኋላም ለቀናት ሊነሣ እንደሚችል ነግራናለች፤ ሊለኩኝ በመጡ ቁጥር «ስንት ሆነ?» እያልኩ አስጨንቃቸዋለሁ።

እትዬ ደውለው ነግረዋት ኖሮ እናቴ በማግሥቱ ደረሰች። በዕድሜዋ ሙሉ ወደ ቆላ ለመውረድ እንቢ ስትል የኖረች ሴት ነች፤ ወፍራም ሹራቧን እንደለበሰች፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ ገባች። ትጮህብኛለች፣ ወይም ሐኪሞቹን ትሳደባለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ልጅቷን አይታ መጣች፤ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠችና አንሶላውን ከእግሬ ላይ ገለጥ አደረገች። እብጠቱ ገና አልጎደለም። በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጉድጓዱ እንደጎደጎደ ቀረ። ጣቷን አንሥታ ዝም ብላ ታየው ጀመር።

«ግፊቴ እየወረደ ነው ብለዋል» አልኳት። ዝምታዋ እንደ አዋላጁ ዝምታ ሆነብኝ።

«እህቴን አታውቂያትም» አለች።

አላውቃትም። ከመወለዴ በፊት በወሊድ የሞተች አክስት እንዳለችኝ ብቻ ነው የማውቀው፤ እንዴት እንደሞተች ጠይቄ አላውቅም፣ እናቴም ነግራኝ አታውቅም።

«እግሯ እንዲህ ነበር» አለች እናቴ፣ ጉድጓዱን በመዳፏ እየሸፈነችው። «ፊቷም እንዳንቺ። ራሴን፣ ራሴን ትል ነበር። ደጋ ነው አገሩ፤ ማን ሙቀት ይላል? ብርዱ ነው አልን። ብርዱ ነው ያሳበጣት ብለን፣ ጋቢ ደራርበን እሳት ዳር አስቀመጥናት።»