ከድልድዩ ሥር ሦስት ነበርን

ልጅ እያለሁ፣ የገና ጾም ሲገባ የእኛ ቤት ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ጎረቤቶቻችን በጾም ዓሣ መብላታችንን ባይወዱትም እናቴ «ይፈቀዳል» ብላ ትሠራዋለች። ዓሣውን የሚያመጡልን አባቴና ጓደኛው ጋሽ ሮብሌ ነበሩ። ሁለቱም የባቡር ጥገና ሠራተኞች ናቸው፤ አንድ ፈረቃ ይገባሉ፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ ይበላሉ። ጋሽ ሮብሌ ሶማሌ ነው፣ ሙስሊም ነው፤ የእኛን ጾም መግቢያ ግን ከአባቴ ቀድሞ የሚያስታውሰው እሱ ነበር።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሦስታችን በባቡር ወደ ኤረር እንሄዳለን። በታኅሣሥ ድሬዳዋም ትበርዳለች፤ እኔ የአባቴ ካፖርት ውስጥ ተወሽቄ የከሰልና የቅባት ሽታውን እያሸተትኩ እተኛለሁ። ከጣቢያው በእግር ተጉዘን፣ ከባቡር ድልድዩ ሥር ውሃው ረጋ የሚልበት ቦታ እንቀመጣለን። ዕቃችን ሸንበቆ፣ የናይለን ክርና መንጠቆ ነው። ክሩ ላይ የጠርሙስ ቡሽ ይታሰራል፤ ቡሹ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ዓሣ ሲጎትተው ስምጥ ይላል። ቡሹን ከሩቅ እንዲታይ ብዬ በእናቴ የጥፍር ቀለም ቀይ የቀባሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ትዕግሥት ስለሌለው ግማሹን ቀን ይተኛል። ጋሽ ሮብሌ ግን ጉልበቱን አቅፎ ሰዓታት ይቀመጣል። «አባዮ፣ ዓይንሽን ከቡሹ ላይ አታንሺ» ይለኛል። አባዮ በሶማሊኛ እህት ማለት ነው። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ከፔርሙሱ ሻይ ቀድቶ ብርጭቆውን ያስይዘኛል። አንድ ቀን ትልቅ አምባዛ ይዤ አልለቅም ስል ከነሸንበቆው ውሃው ውስጥ ገባሁ። ልብሱን ሳያወልቅ ዘሎ ያወጣኝ እሱ ነው። አባቴ ያን ጊዜ ተኝቶ ነበር።

በተከታዩ ክረምት ጦርነት መጣ። የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ድረስ ደርሶ ተመለሰ፤ በባቡር መስመሩ ላይ የነበሩ ድልድዮች ፈረሱ። ጋሽ ሮብሌ ያን ሁሉ ጊዜ ከሥራው አልቀረም። በኅዳር ግን ከሥራ ቦታው ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሁለት ሰዎች ከቀበሌ ወደ ቤታችን መጡ። አንደኛው ጠመንጃ፣ ሌላኛው ደብተር ይዟል። ባለ ደብተሩ ከተቀመጠ በኋላ አባቴን ጠየቀው።

«ይህ ሰውዬ ድልድይ ሥር ሰዓታት ይቀመጥ ነበር አሉ። ምን ሲያይ ነበር?»

እኔ የጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። አባቴ «ቡሹን» እስኪል ጠበቅሁ። እሱ ግን ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና፣ «አንድ ሁለቴ አብረን ሄደናል እንጂ ስለ ሰውዬው አላውቅም» አለ።

ባለ ደብተሩ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ክፉ አልነበረም። «አንቺስ ሚሚዬ፣ ታውቂያለሽ?»

አባቴን አየሁት። ወለሉን ያያል።

«አላውቅም» አልኩ።

ሰዎቹ እንደወጡ አባቴ ሸንበቆዎቹን በጉልበቱ ሰባብሮ ምድጃ ውስጥ ከተታቸው። እናቴ እጇን አጣጥፋ ስታየው ቆየችና፣ «የበላነውንስ ዓሣ የት ታቃጥለዋለህ?» አለችው። በማግስቱ የጋሽ ሮብሌ ሚስት መጣች፤ «ዓሣ ለማጥመድ ነው የሚሄደው» ብሎ እንዲመሰክርላት አባቴን ልትለምን ነበር። እናቴ ፊቷ እየቀላ የለም አለቻት። አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ጋሽ ሮብሌ ከአራት ዓመት በኋላ ተፈታ። እኔና አባቴ ቀፊራ ገበያ መሃል አገኘነው። የፊት ጥርሶቹ የሉም። የእናቴን ጤና ጠየቀ፣ «አባዮ፣ ረዝመሻል» አለኝ። እጁን ሲዘረጋ አባቴ የያዘውን የሽንኩርት ዘንቢል እንኳን አላስቀመጠም፤ በግራ እጁ ጨበጠው። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሮብሌ ቤተሰቡን ይዞ ጅቡቲ ገባ መባሉን ሰማን። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

አባቴ አርጅቶ አልጋ ከያዘ በኋላ አንድ ቀን ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ጣሪያውን እያየ፣ «አንቺም እኮ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር» አለኝ። አሥር ዓመቴ እንደነበር ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳብኩለት።

ዛሬ ስልሳ ሊሞላኝ ነው። የእኔ ዘመን የድሬ ልጆች ስንገናኝ ጨዋታችን ሁሌም አንድ ነው። የዛሬው ሰው ዘር ይቆጥራል፤ እኛ ግን ከአንድ ትሪ በልተን፣ ማን ምን እንደሆነ ሳንጠያየቅ አደግን እንላለን። ውሸት አይደለም፣ በልተናል። እኔም እንደ ሌሎቹ በአዎንታ ራሴን እነቀንቃለሁ። አባቴን የጠየቅሁትን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ እኔን የጠየቀኝ የለም።