ወንድሜ «ወፈርክ» የተባለበት ቀን

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ብሔራዊ ውትድርና የሆሳዕና ከተማን እናቶች እንቅልፍ በነሳበት ጊዜ ነው። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ ይቺ ግን አልጠፋችም። ሰሞኑን የልጄ ሚስት የክብደት መቀነሻ መድኃኒቷን አቁማ «ውፍረቱ ተመለሰብኝ» ብላ ስታለቅስ ሳይ እንደ አዲስ መጣችብኝ።

ታናሽ ወንድሜ ማቴዎስ ለውትድርና ተመዘገበ። ደልዳላ ልጅ ነበር። አባታችን ሞቷል፤ እናታችን ከእሱ ሌላ ወንድ ልጅ የላትም። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራት እትዬ ሸምሲያ ደግሞ በጣም ወፍራም ሴት ነበረች። ጅዳ የሚኖር ወንድሟ ክብደት የሚቀንስ ኪኒን ይልክላታል። እናቴ ሄዳ ስታለቅስባት አላስቻላትም።

«ከሲታ የሆነውን ይመልሱታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ ኪኒን እኔን ካከሳ እሱንማ ምን ያደርገው!» ብላ ከራሷ ቀንሳ ሰጠቻት።

ማቴዎስ ኪኒኑን ጀመረ። ምግብ አስጠላው። አፉ ይደርቃል፣ ልቡ ይመታል፣ ሲገላበጥ ያድራል። ሱሪው በገመድ ካልታሰረ አይቆምለትም። እናቴ ሲከሳ ደስ ይላታል፤ ደስ ስላላት ደግሞ ታለቅሳለች። ከጃጁራ ልትጠይቀን የመጣችው አክስታችን አይታው ደነገጠች። ምስጢሩን አልነገርናትም። «ይሄ ልጅ ሊሞትብን ነው» እያለች ነው የተመለሰችው።

የምርመራው ቀን ሚዛን ላይ አወጡት። መርማሪው ስቆ «ሂድ፣ ቤትህ ገብተህ ብላ» ብሎ መለሰው። ጸሎት ቤታችን በደርግ ታሽጎ ነበርና እናቴ የቤቱን በር ዘግታ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ ጌታን አመሰገነች። እኛም በቃ ተገላገልን ብለን ኪኒኑን አስቆምነው። የልቡ ነገር አስፈርቶን ነበር።

ማቆሙ ምን እንደሚያመጣ ማን አወቀ! ረሃብ መጣበት። ረሃብ ስላችሁ እንደኔና እንደናንተ ረሃብ እንዳይመስላችሁ። ቆጮውን ጎርሶ ሳይውጥ ሌላ ይጠይቃል። ወተቱን ጨልጦ ዕቃውን ይልሳል። ደግሞ ያፍራል። «እታለም፣ ምን ነካኝ? ሆዴ የኔ አይመስለኝም እኮ» ይለኛል። ጉንጩ ሞላ፤ አንገቱ ከድሮውም ባሰ። እትዬ ሸምሲያም ኪኒኑ አልቆባት እንደዚያው ሆነች። «እኔስ ብወፍር ማን ይወስደኛል!» ትል ነበር እየሳቀች። ሳቋ አላሳቀንም።

ብዙም ሳይቆይ ኮታው አልሞላም ተብሎ ሁለተኛ ዙር ምልመላ መጣ። ኪኒን የለም፤ ቢኖርስ ማን ይደፍራል? ገጠር፣ ሆመቾ የሚኖረው አጎታችን ዘንድ ልንደብቀው ተማከርን። የገበያ ቀን፣ ሰው ሲበዛ ይሻላል ብለን በጠዋት መናኸሪያ ይዤው ሄድኩ። የአባቴን ሰፊ ካፖርት አልብሼው፣ ፊቱን እስከ ዓይኑ በፎጣ ጠቅልዬለታለሁ። ያን የሚያህል ልጅ እጄን እንደ ሕፃን አጥብቆ ይዟል።

የሆመቾው መኪና ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከጃጁራ የመጣ አውቶቡስ ቆመ። አክስታችን ከውስጡ ወረደች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ እሱን። የያዘችውን ዘንቢል ጥላ ሮጠች።

«ውይ ልጄን! ማቴዎስ! ወፈርክ እኮ! ጌታ ይመስገን፣ ወፈርክ!»

ፎጣውን ገልጣ ጉንጩን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ ሳመችው። በዓይኔ ብጠቅሳት፣ ክንዷን ብቆነጥጣት ወይ ፍንክች። በደስታ ታለቅሳለች።

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የቀበሌያችን የምልመላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ መጣና ማቴዎስን ከላይ እስከ ታች አየው። «እውነቷን ነው፣ ወፍሯል» አለ። ከዚያ ታጣቂዎቹን ጠራ።

ማቴዎስ አልጮኸም፣ አልሮጠም። አክስቴን «አይዞሽ» አላት፤ እሷ ገና ምን እንደሆነ አልገባትም። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ለእማዬ ጠግቦ ነው የሄደው በያት» አለኝ።

ደርግ ሲወድቅ ከየግንባሩ የተበተነው ወታደር በዚያው መናኸሪያ መውረድ ጀመረ። እናቴና እኔ በየቀኑ እየሄድን ቆመን አየን። የሚወርዱት ሁሉ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። እናቴ «ይክሳ፣ ምንም ይሁን፣ ብቻ ይምጣልኝ» ትል ነበር። አልመጣም። የት እንደወደቀ የነገረንም የለም።

አክስቴን ማናችንም አልወቀስናትም። በእኛ አገር ወፈርክ ማለት ምርቃት አይደል? ምን ታድርግ? እሷ ግን ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ድረስ ማንንም ከሳህ ወይ ወፈርክ ብላ ሰላም ብላ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ሚስት ነግሬያት እንባዋን ጠራረገች። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ገበያ መሐል የሚያውቀኝ ሰው «ውይ፣ ወፈርሽ እኮ!» ሲለኝ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ ማን እንደሰማ አያለሁ።