ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ክራንች

ወገኖቼ፣ ከዚህ መድረክ ላይ አንድ ጊዜ መስክሬያለሁ። ዛሬም ልመሰክር ነው የወጣሁት፤ የዛሬው ግን የያኔውን የሚያፈርስ ነው። ደረጃውን ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አይታችኋል። ስሙ ይባረክ፣ ወጥቻለሁ። እስክጨርስ ታገሡኝ፤ አሜን ማለት ያማረው ግን ይበል።

ለማታውቁኝ፣ የተወለድኩት አንኮበር ነው። አባቴ ቄስ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት ከአልዩ አምባ ገበያ ስመለስ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጬ ነበር። ዳገቱ መሃል መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተና ተገለበጠ። የማስታውሰው ደረቴ ላይ የወደቀውን ጆንያ ብቻ ነው። ሐኪሙ እናቴን ወደ ጥግ ወስዶ፣ የማልሰማ መስሎት፣ "አከርካሪዋ ተጎድቷል። ግራ እግሯ ትንሽ ይታዘዝላታል፤ ስለ ቀኙ ግን ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም" አላት።

አባቴ ጸበል ወሰደኝ። ብዙ ወር ተጠመቅሁ፤ አልተነሳሁም። ቤታችን ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሁለት ሰው ይሸከመኝ ነበር። ስለዚህ እማዬ እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተከራይታ ይዛኝ መጣች። ክራንች አገኘሁ። ቀበሌው ሴፍቲኔት ውስጥ አስገባኝ፤ ቀጥታ ድጋፍ የሚሉት፣ መሥራት ለማይችል ሰው ያለ ሥራ የሚሰጠው። በዚያ ኪራይ እንከፍላለን፣ እማዬም አጠገቤ ትውላለች። ድሎት አልነበረም፤ ግን ሰው ፊት እጄን ሳልዘረጋ እኖር ነበር።

ያን ጊዜ ጌታን አላውቅም። ሾፌሩን እረግም ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የክፍል ጓደኞቼን እረግም ነበር። አንዲት ጎረቤታችን "ነይ፣ ነይ" እያለች ስትጨቀጭቀኝ አፏን ላስይዛት ብዬ መጣሁ። እዚያ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ጋ። ማንም "ምስኪን" አላለኝም። "ጠጋ በሉላት" ነው ያሉት። የዚያን ቀን አመንኩ። ይህ እውነት ነው፤ ይህን አላፈርሰውም። ሃሌ ሉያ!

ከዚያ የፈውስ ፕሮግራሙ መጣ። እንግዳው አገልጋይ እጁን ጫነብኝ። እግሬን ሙቀት ተሰማኝ፤ ይህም እውነት ነው። "ጣይው!" አለኝ። ክራንቼን ጣልኩ። ሦስት ርምጃ ሄድኩ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው! በአራተኛው ልወድቅ ስል አንድ ወንድም ብብቴ ሥር ደገፈኝ፤ ከኋላ ያላችሁት አላያችሁም። ማይኩን ሲሰጡኝ "ተፈወስኩ" አልኩ። በዚያ ሁሉ እልልታ መሃል "ቆይ፣ ሦስት ርምጃ እኮ ነው" የሚል ማን ነው? እኔ አላልኩም። እናንተም ክራንቼን ለምስክር ብላችሁ ግድግዳው ላይ ሰቀላችሁት። ያውና።

ጎረቤቶች ደግፈው ቤት ሲያስገቡኝ እማዬ፣ "ክራንችሽስ?" አለች።

"ቸርች ተሰቅሏል።"

"እንደ ሥዕል?"

"ምስክር ነው፣ እማዬ።"

"እሱ ይመስክር። አንቺ በምን ልትሄጂ ነው?"

በመጥረጊያ እንጨት ሄድኩ። ከእናንተ አንዱ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እንጨቱን አልጋ ሥር እከታለሁ።

ብዙም ሳይቆይ በጀት ቀንሷል፣ ከየቀጠናው ሰው ይቀነስ ተባለ። የቀጠናችን ኮሚቴ ጸሐፊ ወንድም ጌትነት ነው፤ ያው በር ላይ የሚያስተናግደን ጌትነት። ከሁለት ሰዎች ጋር ቅጽ ይዞ መጣ።

"እህቴ፣ ያው ለወጉ ነው የምጠይቅሽ። ሥራ መሥራት ትችያለሽ?"

ሁለቱ የእኛ እምነት ሰዎች አይደሉም። አንደኛው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዟል። "አልችልም" ብል ጌታን የማሳፍረው መሰለኝ። እንጨቱ አልጋ ሥር ነው።

"እችላለሁ። ጌታ ፈውሶኛል" አልኩ።

"አሜን!" አለ ጌትነት። ከልቡ ነው። ጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

ጌትነትን እንዳትወቅሱት። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አመነኝ።

ስሜ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። የእትዬ ወርቄም ተሰረዘ። እትዬ ወርቄ የግቢያችን ሰው ናቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው አያይም። "ልጅ አላቸው፣ ይጡራቸው" ተባለ። ልጃቸው ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ስልክ እንኳ አይደውልም። እትዬ ወርቄ ሲነገራቸው ሳቁ። "አንቺንስ ጌታሽ አቆመሽ አሉ። የእኔን ዓይን ማን አበራው ብለው ነው የሰረዙኝ?" አሉኝ። እኔ አልሳቅሁም።

እማዬ ልብስ ማጠብ ጀመረች። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁታላችሁ። ጣቶቿ ተሰነጣጠቁ፤ ሳል ያዛት። አከራያችን በራችን ላይ ቆማ ስለ ኪራዩ ማውራት አበዛች። ክፍሉን ከለቀቅን የሚጠብቀን ያ አፋፍ ላይ ያለው ቤት ነው። እዚያ ከገባሁ ሁለት ሰው እስኪገኝ የምጠብቅ ዕቃ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇን ቫዝሊን ስቀባት እማዬ እንዲህ አለችኝ፦ "ልጄ፣ እኔ ያንቺን ሃይማኖት አላውቅም። ግን ጌታሽ ለመከበር ያንቺ ውሸት ያስፈልገዋል?"

ተነስታ ወደ አጠባዋ ስትመለስ እንጨቱን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። "ጌታ ሆይ፣ አላቆምከኝም" አልኩ። ካመንኩ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም። ድምፅ አልሰማሁም። ሙቀትም አልነበረም። ግን ጥሎኝ አልሄደም። በምን አወቅሽ ብትሉኝ ማስረዳት አልችልም። ስሙ ይባረክ!

ቀበሌ ሄድኩ። ቅሬታ ሰሚው ወረቀቴን አገላበጠ።

"ይህ ፊርማ ያንቺ አይደለም?"

"የእኔ ነው።"

"ሰው ሰብስበሽ ተፈወስኩ አልሽ። ለኮሚቴው እችላለሁ አልሽ። ዛሬ ደግሞ አልችልም። የቱን ልመንሽ? በይ፣ ከዚያው ከቸርችሽ ሁለት ምስክር ይዘሽ ሰኞ ነይ። ከሰኞ በኋላ ዝርዝሩ ይዘጋል። ትመለሻለሽ ብዬ ግን ቃል አልገባም።"

ፓስተር ጋ ሄድኩ። "ልጄ፣ ይህን ስትናገሪ ስንቱ ይሰናከላል?" አሉኝ።

"ፓስተር፣ እኔ እኮ ደረጃዎት ላይ እየተሰናከልኩ ነው የመጣሁት።"

የያዝኩትን እንጨት አዩት። ከዚያ፣ "እሁድ ማይኩ ያንቺ ነው" አሉ። ጌታ ይባርካቸው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ "እግርሽ ባይሆን ልብሽ ተፈውሷል" እንዳትሉኝ። ልቤም ገና ነው፤ አከራያችንን ትናንትና እንኳ ረግሜያታለሁ። የተፈወሰ ነገር ካለ ምላሴ ነው፤ እሱም ከዛሬ ጀምሮ። ጌታ ይፈውሳል፣ አምናለሁ። ያቆመኝ ቀን ማይክ ሳልጠብቅ እጮኻለሁ። እስከዚያ ግን ያልሄደን እግር ሄደ አትበሉ። በዚያ እልልታ የተነሳ የእናቴ እጅ ተሰነጣጥቋል።

በየቤታችሁ አልጋ ሥር እንጨት የደበቃችሁ ካላችሁ፣ መኖራችሁንም አውቃለሁ፣ ጌታን እመኑት። አልዳንኩም ብትሉት አያባርራችሁም። እኔን አላባረረኝም። ነገ ስሜን ይመልሱት ይሆናል፤ ላይመልሱትም ይችላሉ። ሁለቱንም እያሰብኩ ነው የማመሰግነው፤ ቀሎኝ ግን እንዳይመስላችሁ።

አሁን ሁለት ምስክር ያስፈልገኛል። እትዬ ወርቄን ብወስድ "ምን አይተው?" ይሏቸዋል። አንዱ ፓስተር ናቸው፤ እሺ ብለውኛል። ጌትነት፣ በሩ ጋ ነህ? ና እስቲ። አታልቅስ። ያንተ ቁመት ይደርሳል፤ ያንን ክራንች ከግድግዳው አውርድልኝ። ነገ በጠዋት ቀበሌ አብረን እንሄዳለን።

ወገኖቼ፣ አሁን ስወርድ አታጨብጭቡ። እዩኝ ብቻ።