ባለቀለበቷ ዳሊያ

አትክልተኛው ሃያ ዓመት በችግኝ ጣቢያ ሲሠራ እንደ ባለቀለበቷ ያኮራው አበባ አልነበረም። የቅጠል ቀለበት ያኮራል እንዴ? እሱን ግን አኮራው። ተራ ዳሊያ ናት፤ ቅጠሏ ላይ ብቻ ነጣ ያለ ቀለበት ደጋግሞ ተሥሎባታል። አንድ ቀን ከመደቡ መሀል ዓይኑ ገባችና ሌሎቹን ትቶ ከእሷ እየቆረጠ ያባዛ ጀመር። ገዢ ሲመጣ «ቀስ በሉ፣ ታጭታለች!» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እየሳቀም ይገዛል። በዚሁ የራሱ ስም ተረሳና ሰፈሩ ሁሉ «ባለቀለበቱ» ይለው ነበር።

ታናሽ እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በላስቲክ ቤት በምታለማው ቲማቲም ነው። በጣሳ የተተከሉ ሁለት ባለቀለበቶች ወስዶ በላስቲክ ቤቱ በር ግራና ቀኝ አስቀመጠላት። «ደጅሽ ይድመቅ» አላት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቲማቲሙ ከጫፉ እየጠቆረ ይደርቅ ጀመር። የእርሻ ባለሙያዋ ተጠርታ መጣችና አንድ ፍሬ ቀጥፋ አሳየቻቸው፤ ልጣጩ ላይ ቀለበት በቀለበት። አትክልተኛው ክው አለ።

«ቫይረስ ነው» አለች ባለሙያዋ። «አበባ ላይ ይኖራል፤ አበባውን ግን አይገድለውም። ዓይን የማትሞላ ነፍሳት ከዚያ መጥጣ ወደ ቲማቲም፣ በርበሬና ድንች ታሻግረዋለች። መድኃኒት የለውም። ቲማቲሙም፣ አጠገቡ ያለ አበባም ይነቀል።»

እህቱ ሮጣ በሩ ላይ ቆመች። «ቲማቲሙን ንቀሉ፤ እነዚህን ግን አትንኩብኝ! ወንድሜ የሰጠኝ ናቸው።»

«ከገበያ የገዛሽው የቲማቲም ችግኝ ይሆናል ያመጣብሽ» የሚል ቃል አትክልተኛው ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያን ማሰቡ እስከ ዛሬ ያሳፍረዋል።

«እህቴ፣ ከእኔ ነው የመጣብሽ» አላት። «በሽታውን ውበት ነው ብዬ ሳባዛ ኖሬአለሁ። ቲማቲምሽን የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

እህቱ ከአንዱ ጣሳ ቅጠል ቀጥፋ ከፍሬው ጎን ይዛ አየችው። ትጮህብኛለች ብሎ ሲጠብቅ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ለእነማን ለእነማን ሰጥተሃል?» አለችው።

በጣቱ ይቆጥር ጀመር። በርበሬ የምታለማዋ ጎረቤት፣ ባለ ድንቹ ሽማግሌ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ... አሥሩም ጣቶቹ አለቁ። እንደገና ከአውራ ጣቱ ሲጀምር አንድ መንገደኛ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ባለቀለበቱ! ለእኔስ መቼ ነው የምትሰጠኝ?» አለው።